ነጭ ሙሌት ወይስ ብረቱ? በአንድ የመንጋጋ ጥርስ የተነሳ ውይይት

ሰላም ወገኖች።

የታናሽ እህቴ የታችኛው መንጋጋ ጥርስ ተቦርብሯል። ቀዝቃዛ ውኃ ስትጠጣ ይጠዘጥዛታል፤ ወዲያው ደግሞ ይተዋታል። ሌሊት ከእንቅልፍ አያስነሳትም። የጠየቀቻቸው ክሊኒኮች ግን እርስ በርስ አልተስማሙም። አንዱ የጥርሱን ቀለም በሚመስለው በነጩ እንሙላው ይላል። ሌላው የኋላ ጥርስ ስለሆነ ብረቱ ይሻላል ይላል። ነቅለሽው ተገላገይ ያላትም አለ። እሷ ግራ ገብቷታል፤ እኔም አብሬ ተጨንቄያለሁ።

የኔን አቋም ላስቀድም። ነጩ ሙሌት ጥሩ ነገር ነው ብዬ አምናለሁ። የሚቆየውም የሚወልቀውም ግን ሲሠራ በሚደረግለት ጥንቃቄ ነው። እህቴም ስለ ቀለሙ ከመጨነቋ በፊት ስለ አሠራሩ ብትጠይቅ ደስ ይለኛል። ተሳስቼ ከሆነ አርሙኝ። የኋላ ጥርሳችሁን በነጭ ያስሞላችሁ፣ ቆየላችሁ ወይስ ወለቀባችሁ? ሙያው ውስጥ ያላችሁስ ምን ትመክራላችሁ?

(መልሱ በጣም ስለበዛ፣ ዘግይታችሁ ለገባችሁ እንዲመች እያንዳንዱን በቁጥሩ በራሴ አነጋገር ከዚህ በታች አስቀምጫለሁ። የመሰለኝንም በየቦታው ጨምሬበታለሁ።)

መልስ 1። የመጀመሪያዋ መላሽ አዲስ አበባ የምትኖር የባንክ ሠራተኛ ናት። ለእህቴ ምሕረቱን ያምጣላት ብላ ጀመረች። የታችኛው መንጋጋዋ በነጭ ከተሞላ ዓመታት አልፈዋል። ቆሎውንም ሽምብራውንም ትቆረጥምበታለች። ምንም አልሆነም። የምታስታውሰው ሥራው ረጅም ጊዜ መውሰዱን ነው። ሐኪሟ ጥርሱን ብቻ አውጥቶ ሌላውን አፏን የሚሸፍን ስስ ጎማ አድርጎላት ነበር። ያኔ ጎማው ቢያስጨንቃትም ዛሬ ታመሰግነዋለች።

መልስ 2። ይህኛው ወንድም ተቃራኒው ነው የደረሰበት። የእሱ ሙሌት ብዙም ሳይቆይ እንጀራ ሲበላ እጁ ላይ ወጣ። ረዳት ስላልነበረ ምራቅ መምጠጫውን ቱቦ ራሱ ይዞ ነበር። ምላሱ እየተንቀሳቀሰ ጥርሱን ያረጥብ እንደነበር በደንብ ያስታውሳል። ሐኪሙ ግን በላዩ ላይ ሞልቶ ጨረሰ። ከዚያ በኋላ ነጭ የሚባል ነገር እንዲነካው አይፈልግም።

እነዚህ ሁለት መልሶች ተከታትለው መምጣታቸው ደስ አለኝ። ዕቃው አንድ ዓይነት ነው፤ የተለየው አሠራሩ ነው።

መልስ 3። በመንግሥት ሆስፒታል የሚሠሩ የጥርስ ሐኪም ናቸው። ከዚህ በኋላ ዶክተሩ እያልኩ የምጠራቸው እሳቸውን ነው። ሁለቱንም በትሕትና ካመሰገኑ በኋላ ነገሩን ከሥሩ አስረዱን።

ነጩ ሙሌት ኮምፖዚት ይባላል። የጥርስ ቀለም ያለው ሙጫ ውስጥ በጣም የደቀቀ የመስታወት ዱቄት ተቀላቅሎበት የሚሠራ ነው። የበሰበሰው ክፍል ከተጠረገ በኋላ ጥርሱ ላይ ፎስፎሪክ አሲድ ያለበት ጄል ይቀባል። ጄሉ አብዛኛውን ጊዜ 37 በመቶ ገደማ አሲድ አለው፤ የሚቆየውም ከ15 እስከ 30 ሰከንድ ነው። ያ አሲድ የጥርሱን ገጽ በዓይን በማይታይ መጠን ያሻክረዋል። ከዚያ በውኃ ይታጠባል፤ ማጣበቂያው ይቀባል፤ ኮምፖዚቱም በስሱ እየተነባበረ ይሞላል። እያንዳንዱ ንብርብር ከ2 ሚሊ ሜትር ባይበልጥ ይመረጣል። ሁሉም በየተራ በሰማያዊ መብራት ይጠነክራል። በአንድ ጊዜ ወደ 4 ሚሊ ሜትር የሚሞሉ አዳዲስ ዓይነቶችም አሉ።

መነባበሩ ለምን እንዳስፈለገም ነገሩን። ኮምፖዚት ሲጠነክር ከመጠኑ ከ2 እስከ 3 በመቶ ያህል ይሸበሸባል። በአንድ ጊዜ ከተጠቀጠቀ ከጥርሱ ግድግዳ ይላቀቅና ክፍተት ይተዋል። በዚያች ክፍተት ባክቴሪያ ይገባል፤ ጥርሱም ከሥር እንደገና መበስበስ ይጀምራል። ምራቅ ደግሞ ማጣበቂያውን ያበላሸዋል። እርጥብ ግድግዳ ላይ የተቀባ ቀለም እንደሚላጠው ማለት ነው ብለዋል። በመሃል ምራቅ ከነካው እንደገና አጥቦና አድርቆ ማጣበቂያውን መድገም እንጂ ማለፍ አይገባም።

ብረቱን ማለትም አማልጋምን የመከረውን ክሊኒክ ኋላ ቀር ነው እንዳንል አስጠንቅቀውናል። አማልጋም በተቆፈረለት ቅርጽ ተቆልፎ ስለሚቀመጥ እርጥበትን የተሻለ ይችላል። ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ የመረመረው የኮክሬን ግምገማም ይህንኑ ያሳያል፤ የኋላ ጥርስ ላይ ነጩ ከብረቱ ይልቅ ቶሎ ይበላሻል፤ ሥሩም ዳግም መቦርቦሩ ይበዛል። የነጩ ትልቁ ጥቅም ጤነኛውን የጥርስ ክፍል ብዙ ሳይቆርጡ የታመመውን ብቻ ጠርጎ መሙላት ማስቻሉ ነው።

ታሪኩንም ጣል አድርገዋል። በአሲድ ማሻከርን እ.ኤ.አ. በ1955 ያስተዋወቀው አሜሪካዊው ማይክል ቦኖኮር ነው። የዛሬው ኮምፖዚት መሠረት የሆነውን ሙጫ ደግሞ ራፋኤል ቦወን ሠርቶ በ1962 የፈጠራ መብት አገኘበት። ይኸው ከዚያ ወዲህ ብዙ ተሻሽሎ እዚህ ደርሷል። (ከዚህ በታች ያሉትም ዓመቶች በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

መልስ 4። የሕክምና መሣሪያዎች ጥገና ላይ የሚሠራ ወጣት ነው። ዶክተሩ ያላነሱትን ነገር ላክል ብሎ ገባ። የመብራቱ ነገር ሁሌ ይዘነጋል ይላል። ሰማያዊው መብራት በዓይን ሲታይ ደማቅ መስሎ ኃይሉ ግን ሊደክም ይችላል። ባትሪው ያረጃል። ጫፉ ላይ የደረቀ ኮምፖዚት ይለጠፍና ብርሃኑን ይጋርደዋል። ያኔ የሙሌቱ ላይኛው ገጽ ይጠነክራል፤ ታችኛው ግን ለስላሳ ሆኖ ይቀራል። ሐኪሙም በሽተኛውም ይህን በዓይን አይለዩትም። የመብራቱን ኃይል የሚለካ ትንሽ መሣሪያ አለ። እሱ የሚያውቃቸው ጠንቃቃ ክሊኒኮች በየጊዜው ይለኩታል።

ስለ ኤሌክትሪክ መቋረጥም ጻፈ። ኮምፖዚት ማጠንከሪያው መብራት አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ባትሪ ስለሚሠራ ኤሌክትሪክ ቢጠፋም አይቆምም። የሚቆመው ምራቅ መምጠጫውና አየር መንፊያው ነው። ያን ጊዜ አፉ በምራቅ ይሞላል። ስለዚህ ቀጠሮ ስትይዙ ጄኔሬተር መኖሩን ጠይቁ አለ። እንደኔ እንደኔ ይህ ምክር ወርቅ ነው።

መልስ 5 እና 6። አንዷ አስሞልታ እንደወጣች ቡና መጠጣት ትችል እንደሆነ ጠየቀች። ሌላ ሴት መለሰችላት። ነጩ እዚያው ወንበሩ ላይ በመብራት ስለሚጠነክር፣ ማደንዘዣው ሲለቃት መብላት ትችላለች። ማደንዘዣው ሳይለቅ ትኩስ ቡና መጠጣት ግን አፍን ያቃጥላል፤ ጉንጭንም ያስነክሳል። ብረቱ ግን ሙሉ ለሙሉ እስኪጠነክር አንድ ቀን ያህል ስለሚወስድ በዚያ በኩል ጠንካራ ነገር ባይታኘክበት ይሻላል። ስለ ቀለምም ጨመረችላት። ቡና፣ ሻይና እርድ የበዛበት አልጫ ነጩን ሙሌት ከጊዜ ጋር ያወይቡታል፤ በተለይ በጠርዙ በኩል። በደንብ የተወለወለ ሙሌት ቀለም የሚይዘው በዝግታ ነው። ላይ ላዩን የያዘው ቀለም ተመልሶ ሲወለወል ይለቃል። ጥርሱን ማስነጣት የሚፈልግ ሰውም ከመሙላቱ በፊት ያስነጣ። ማስነጫው የራስን ጥርስ እንጂ ሙሌቱን አይለውጠውም።

መልስ 7። እስከዚህ ድረስ ውይይቱ ጨዋ ነበር። ይህ ሰው ግን ተቆጥቶ ገባ። ብረት የተሞላ ሁሉ ነገ ዛሬ ሳይል ያስወጣ አለ። ሜርኩሪ መርዝ ነው፤ አውሮፓ ከልክሎታል፤ እኛ አገር ግን ድሃ ስለሆንን ይሞሉብናል ሲል ጻፈ። ሐኪሞችንም በጅምላ ወቀሰ። ቁጣው ከየት እንደመጣ ይገባኛል። ለኛ የሚደርሰን ሌላው የጣለው ነው የሚል ስሜት ብዙዎቻችን ውስጥ አለ። ምክሩ ግን አደገኛ ነው።

መልስ 8። ዶክተሩ ተመልሰው መጡ። ረጋ ብለው እውነት ያለበትን ከሌለበት ለዩለት። አማልጋም ግማሽ ያህሉ ሜርኩሪ መሆኑ እውነት ነው። አገሮች ሜርኩሪን ለመቀነስ የተስማሙበት የሚናማታ ስምምነት በ2013 ጸድቆ በነሐሴ 2017 ሥራ ላይ ውሏል። የአውሮፓ ኅብረት ከሐምሌ 2018 ጀምሮ ከ15 ዓመት በታች ላሉ ልጆች፣ ለነፍሰ ጡሮችና ለሚያጠቡ እናቶች ከለከለው። ከጥር 2025 ጀምሮ ደግሞ ለሕክምና የግድ ካላስፈለገ በስተቀር ለሁሉም ተከልክሏል። ለክልከላው ትልቅ ምክንያት የሆነው ሜርኩሪው ወደ ውኃና ወደ አየር ወጥቶ አካባቢን መበከሉ ነው።

የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣንም በመስከረም 2020 ነፍሰ ጡሮች፣ የሚያጠቡ እናቶች፣ ልጆች፣ በተለይም ከ6 ዓመት በታች ያሉት፣ እንዲሁም የኩላሊት ወይም የነርቭ ሕመም ያለባቸው ሰዎች ቢቻል ሌላ ዓይነት ሙሌት እንዲጠቀሙ መክሯል። በዚያው ምክሩ ላይ ግን በደህና ሁኔታ ያለን አማልጋም ለሕክምና ካላስፈለገ እንዳታስወጡ ብሏል። ሲቦረቦር የሜርኩሪ ትነት ይለቃል፤ ጤነኛ የጥርስ ክፍልም አብሮ ይቆረጣል። አዲስ ሲሞላ ነጩን መምረጥ አንድ ነገር ነው፤ ደህና የተቀመጠውን ማስቆፈር ሌላ ነው ብለው ዘጉት።

መልስ 9። ያ ቁጡ ሰውዬ ከቁጣው አልተመለሰም። ዶክተሩን የኩባንያ ተከፋይ ናቸው አላቸው። የቀረውን ስድብ እዚህ አልደግመውም። ለነጻ ምክር የሚከፈለው ይህ መሆኑ አሳዝኖኛል።

መልስ 10። አንዲት እናት ገቡ። በደርግ ጊዜ የተሞላላቸው ብረት እስከ ዛሬ አፋቸው ውስጥ አለ። ልጄ፣ ሐኪም ስትሰድብ ነገ ማን ያክምሃል ብለው ገሠጹት። እሳቸውም ሰምተው ፈርተው እንደነበር አልደበቁም። ሄደው አሳዩት፤ ጠርዙ ደህና ነው፣ አይነካ ተባሉ። የልጅ ልጃቸውን ግን በነጩ አስሞልተዋታል። በአንድ ቤት ሁለቱም ዓይነት በሰላም እየኖረ ነው።

መልስ 11። ያው ቁጡ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጥያቄ ጠየቀ። የሱ ብረት ጠርዙ ተሰብሮ ምግብ ይገባበታል። እንዲህ ሲሆንስ? ዶክተሩ ያለፈውን ሳያነሱ መለሱለት። ያ ለመቀየር በቂ ምክንያት ነው። ሲወጣ ብዙ ውኃ እየተረጨ፣ ጠንካራ መምጠጫ ተደርጎ፣ በተቻለ መጠንም ተፈቅፍቆ ሳይሆን በትልልቁ ተቆርጦ ይውጣ፤ ጎማው ከተገኘም ይደረግ አሉት። አመሰገናቸው። ለይቅርታ ቅርብ የሆነ ምስጋና ነበር።

መልስ 12። ከዚህ ወዲያ ወሬው ባሕር ተሻገረ። አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር ወንድም ስለ ኢንሹራንስ አነሳ። እዚያ ብዙ የጥርስ ኢንሹራንሶች ለኋላ ጥርስ ነጭ ሙሌት የሚከፍሉት የብረቱን ዋጋ ያህል ነው። ልዩነቱ በታካሚው ላይ ይወድቃል። ሰው ሁሉ ተሸፍኖልኛል ብሎ ይገባና ሒሳቡ ሲመጣ ይደነግጣል። ሥራው ሳይጀመር ክሊኒኩ ለኢንሹራንሱ የዋጋ ግምት እንዲልክ ጠይቁ፤ መልሱንም በጽሑፍ ጠብቁ ብሏል።

መልስ 13። ከእስራኤል አንዲት እናት ጻፈች። እዚያ የልጆች የጥርስ ሕክምና እስከ 18 ዓመት በጤና ፈንዶቹ (የጤና መድን በሚሰጡት ተቋማት) በኩል ይሸፈናል። ሕጉ በ2010 ከትንንሾቹ ጀምሮ ዕድሜው በየጊዜው ከፍ እያለ የመጣ ነው። ብዙ ቤተሰብ ይህን መብቱን ስለማያውቅ ልጁ ጥርሱን እስኪያመው ይጠብቃል ስትል አዝናለች። ዘመድ ካላችሁ ንገሩልኝ ብላለች፤ እኔም እነሆ ነገርኩ።

መልስ 14። ይህን መልስ ሳነብ ልቤ ተነካ። አረብ አገር በቤት ሠራተኝነት የቆየች እህት ናት። ጥርሷን ሲያማት አሠሪዎቿ ወስደው አስነቀሏት። መሙላት ይቻል እንደነበር የነገራት የለም። ቆይቶ ሌላው ሲያማትም እንደዚያው። አገሯ ስትመለስ ያየቻት ሐኪም፣ ጎረቤት የነበረው ጥርስ ወደ ባዶው ቦታ ዘንበል ማለቱን፣ የላይኛውም ወደ ታች መውረዱን አሳየቻት። አሁን በአንድ ጎን ብቻ ነው የምታኝከው። ለእህቴ የላከችው መልእክት አጭር ነው፤ መሞላት የሚችል ጥርስ እንዳታስነቅል።

መልስ 15። ዶክተሩ ከዚህ ተነስተው መቼ ይሞላል፣ መቼ አይሞላም የሚለውን አስረዱ። ቀዝቃዛ ሲነካው አሞ ወዲያው የሚተው ጥርስ ነርቩ ገና ደህና የመሆን ተስፋ አለው። ማንም ሳይነካው የሚጀምር፣ ሌሊት የሚያስነሳ፣ ትኩስ ሲነካው የሚብስና ብዙ የሚቆይ ሕመም ግን ነርቩ መጎዳቱን ያመለክታል። ያን ጊዜ በላዩ መሙላት አይበቃም፤ የሥር ሕክምና (የተጎዳውን ነርቭ አውጥቶ ውስጡን ማጽዳትና መሙላት) ያስፈልጋል። ሁሉም ግን ራጅ ተነስቶ ነው የሚወሰነው። ራጅ ሳያነሳ ንቀይው የሚል ሰው ካጋጠማት ሌላ ሐኪም ትጠይቅ አሉ።

መልስ 16። ይህ የኔ ነው። እህቴ ራጅ ተነሳች። ብስባሱ ጠንካራውን ሽፋን አልፎ ገብቷል፤ ነርቩ ጋር ግን አልደረሰም። በነጩ አስሞላች። ከመቀመጧ በፊት ጎማ መኖሩን፣ ረዳት መኖሩን፣ ጄኔሬተር መኖሩን ጠየቀች። ሐኪሟ በጥያቄዋ አልተከፋችም፤ እንዲያውም የጥርሷን ቀለም ማስመረጫ ይዛ ጥርሱ ሳይደርቅ በፊት አብረው መረጡ። ጥርስ ሲደርቅ ነጣ ስለሚል መጨረሻ ላይ የተመረጠ ቀለም ያሳስታል አለቻት።

በማግሥቱ ግን ስትነክስበት አመማት። እዚህ ስጠይቅ ብዙ ሰው ወለቀ ማለት ነው ብሎ አስደነገጠኝ። ነገሩ ሌላ ነበር። ሙሌቱ በጥቂቱ ከፍ ብሎ ነበር። ማደንዘዣ ያለበት ሰው ንክሻው ልክ መሆኑን በደንብ አያውቅም። ተመለሰች፤ ቀለም ያለው ወረቀት አስነክሳት የነካውን ቦታ ፋቅ ፋቅ አደረገችላት። ሕመሙ ሄደ። ስለዚህ አስሞልታችሁ ሲከረክራችሁ ይለመዳል ብላችሁ አትቀመጡ። ተመለሱ፤ ቀላል ነገር ነው።

መልስ 17። አንዲት እመቤት ይህ ሁሉ ወጪ ለምን፣ ቅርንፉድ ይያዝበት አሉ። ከሥራቸው ነጭ ሽንኩርት ያለም አረቄ ያለም ነበር። የጥርስ ትል ነው የበላው ያለም አልጠፋም። ዶክተሩ ትንሽ የሰለቹ መሰሉ። ትል የለም፤ የምንበላውን ስኳር ወደ አሲድ የሚለውጥ ባክቴሪያ ነው፤ ያ አሲድ ነው ጥርሱን የሚያሟሟው አሉ። ነጭ ሽንኩርትና አረቄ ድድ ያቃጥላሉ። ቅርንፉድ ለጊዜው ያስታግሳል፤ ቀዳዳውን ግን አይደፍነውም። ቀጥሎ የጻፉት ለኔ አዲስ ነበር። ቅርንፉድ ውስጥ ያለው ኢዩጂኖል የሚባለው ዘይት ኮምፖዚት በደንብ እንዳይጠነክር ያደርጋል። ስለዚህ የቅርንፉድ ዘይት ስትጠቀሙ ከነበረ ለሐኪማችሁ ንገሩ። በዚሁ ዘይት የሚሠራ ጊዜያዊ ሙሌት ስላለ ሐኪሞችም ራሳቸው ይጠነቀቃሉ።

መልስ 18። ከወንጂ የጻፈ ወንድም አለ። የፊት ጥርሱ ቡናማ ነው። ሰው ሁሉ የተበላ ጥርስ ስለሚመስለው ሲስቅ አፉን በእጁ መሸፈን ልማዱ ሆኗል። ሊያስሞላ ሄዶ ግን አልተቦረቦረም ተባለ። ያደገበት ውኃ ነው። በስምጥ ሸለቆ ብዙ ቦታ የጉድጓድ ውኃው ፍሎራይድ ይበዛበታል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ የሚመክረው መጠን በሊትር እስከ 1.5 ሚሊ ግራም ነው፤ በዚያ አካባቢ ያሉ ብዙ ጉድጓዶች ከዚህ በጣም ያልፋሉ። ጥርሱ ድድ ውስጥ እየተሠራ ሳለ ነው ፍሎራይዱ የሚጎዳው። ይህ ወንድም መጨረሻ ላይ የፊት ጥርሶቹን በስስ ኮምፖዚት አስሸፈነ። ሐኪሙ እንዲህ ያለ ጥርስ አሲዱን ስለሚቋቋም ላዩን ትንሽ ሞርደውና አሲዱን ቆየት አድርገው ነው የሠሩለት። አሁን ፎቶ ይነሳል።

መልስ 19 እና 20። ወዲያው አንዱ ደንግጦ ፍሎራይድ ያለበትን የጥርስ ሳሙና ልጣለው ወይ አለ። ዶክተሩ አትጣል አሉት። ውኃው በየቀኑ በሊትር ይጠጣል፤ ሳሙናው ግን ተቦርሾ ይተፋል። ከ1000 እስከ 1500 ፒፒኤም (ከሚሊዮን እጅ) ፍሎራይድ ያለው ሳሙና መቦርቦርን በመከላከል በደንብ የተመሰከረለት ነው። ለትንንሽ ልጆች ግን የሩዝ ፍሬ ያህል ይበቃል፤ ወላጅ አጠገባቸው ይቁም። 20ኛው ላይ የጻፈው ሰው ዶክተሩን በጣም ያወራሉ፣ ፖለቲከኛ ይመስላሉ አላቸው። ከመልስ 1 እስከ 19 ቢያነብ ኖሮ ይህን የሚል አይመስለኝም።

መልስ 21። የመፋቂያ ጦርነት። አንዱ አያቶቻችን በወይራ መፋቂያ ኖረው ጥርሳቸው ሳይነካ ሞቱ አለ። ሌላዋ አያቶቻችን ለስላሳ መጠጥና ኬክ አልነበራቸውም ብላ መለሰችለት። እሱ ባህልሽን ንቀሻል አላት፤ እሷ ደግሞ አላነበብክም አለችው። ሁለቱም እውነት አላቸው። መፋቂያ በደንብ የፋቀ ሰው ጥርሱን ያጸዳል። በሁለት ጥርስ መካከል ያለውን ግን አይደርስበትም፤ ፍሎራይድም የለውም። ጠዋት በመፋቂያ ማታ በሳሙና ቢሆን ማን ይጎዳል?

መልስ 22 እና 23። የ5 ዓመት ልጅ እናት የወተት ጥርስ ለምን ይሞላል፣ ይወድቅ የለም ወይ አለች። ዶክተሩ አንዳንዱ የወተት መንጋጋ እስከ 11 እና 12 ዓመት እንደሚቆይ ነገሯት። ለሚመጣው ጥርስ ቦታ ይጠብቃል፤ ካመመው ደግሞ ልጁ አይበላም፣ አይተኛም።

ወንበር ላይ ረጅም ጊዜ መቀመጥ ለማይችል ልጅ ግላስ አዮኖመር የሚባል ሌላ የጥርስ ቀለም ያለው ሙሌት አለ። ብዙው ዓይነት መብራት አያስፈልገውም፤ ከጥርሱ ጋር በራሱ ይያያዛል፤ እርጥበትንም ከኮምፖዚት የተሻለ ይችላል። ፍሎራይድም ይለቃል። ጥንካሬውና ውበቱ ግን ከኮምፖዚት ያንሳል። በ1980ዎቹ አጋማሽ ታንዛኒያ ውስጥ የተጀመረ አሠራር አለ፤ ብስባሱ በእጅ መሣሪያ ብቻ ተጠርጎ በዚሁ ይሞላል። ኤሌክትሪክም መቦርቦሪያም አይፈልግም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 ግላስ አዮኖመርን መሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል። ብስባሱን ባለበት የሚያቆም ብር ያለበት ፈሳሽም አብሮ ገብቷል፤ የበሰበሰውን ቦታ ግን ያጠቁረዋል፣ ወላጅ ይህን አውቆ ይወስን ብለዋል።

መልስ 24። ከገጠር ጤና ጣቢያ አንዲት ነርስ ጻፈች። እሷ ጋ ጥርሱን ያመመው ሰው ያለው ምርጫ ሁለት ነው፤ የሕመም ማስታገሻ ወይም ሩቅ ሄዶ ማስነቀል። የ14ኛዋን እህት ታሪክ እዚህም በየቀኑ አየዋለሁ አለች። ኤሌክትሪክ የማይፈልገው ሙሌት እሷ ጋ ቢመጣና ሥልጠና ቢሰጣት ስንቱን ጥርስ ታተርፍ እንደነበር ጻፈች።

መልስ 25። ዶክተሩ በዞን ጤና መምሪያ በኩል የአፍ ጤና የሚከታተለውን ክፍል እንድትጠይቅ መከሯት። የግላስ አዮኖመሩ ዱቄትና ፈሳሽ እንዲሁም የእጅ መሣሪያዎቹ በጥያቄያቸው ላይ በስም እንዲጻፉ፣ ሥልጠናም አብሮ እንዲጠየቅ አሉ። ረቂቁን ደብዳቤ ከላከችላቸው እንደሚያዩላት ቃል ገብተዋል።

እዚህ ጋ የጤና ጣቢያ ግዢ ላይ የምትሠሩ ካላችሁ ከ24ኛዋ መልስ ሥር ጻፉላት። ደብዳቤው ለማን እንደሚገባና በዓመቱ መቼ ቢላክ በጀት ውስጥ እንደሚያዝ ማወቅ ትፈልጋለች።